የማክሰኞው ካርድ

ምልክቷ ፊቷን ወደ ቀኝ አዙራ ነበር። ማዞር የነበረባት ወደ ግራ ነው።

ቪልማ ይህን ያየችው ሐሙስ ማታ ነው። «እመጣለሁ» የምትለዋን አጭር መልሷን ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ጥላለች። ካርዱ ቀትር ላይ ደረሰ። እሷ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ደክሟት ተመልሳ፣ እራት አቅርባ፣ ሳህን አጥባ፣ ሬዲዮኑን ከፍታ ጨዋታው እስኪጀምር ስትጠብቅ ነው ካርዱን በደንብ ያየችው። ያን ጊዜ መልሷ ወደ ከተማው በሚሄደው መኪና ተጭኖ ነበር።

ካርዱ የቤዝቦል መመዝገቢያ ነው። ሃርላን ብሪግስ፣ ቀጥቃጮቹ የሚባለው የከተማው ቡድን በሜዳው በተጫወተ ቁጥር ስታዲየም ይገባል፤ የእያንዳንዱን መቺ ዕጣ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ውስጥ በእርሳስ ይመዘግባል፤ በማግስቱ ጀርባው ላይ ደብዳቤ ጽፎ ይልክላታል። ከሚያዝያ እስከ መስከረም እንዲህ ሲል ከርሟል። ቪልማም በሬዲዮ የሰማችውን በትምህርት ቤቱ የምሳ ዝርዝር ወረቀት ጀርባ ትመዘግብና የእሱ ሲደርሳት ጎን ለጎን ታስተያያለች። በየከተማው ፍቅር በተለያየ መንገድ ይሠራል፤ የእነሱ እንዲህ ነበር።

መቺ ሦስት ጊዜ ስቶ ሲወጣ ኬ የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል (K) ይጽፉለታል። ዱላውን ወዝውዞ ከሳተ ፊደሏ ቀጥ ብላ ትጻፋለች። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ኳሷ ስታልፍ ቆሞ እያያት ከወጣ ግን ፊደሏ ተገልብጣ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። አፍሮ እንደቆመ ሰው።

የማክሰኞው ጨዋታ የመጨረሻ መቺ ቤኬት ነበር። ዘጠነኛው ዙር፣ በአንድ ነጥብ እየተመሩ፣ ቤዝ በሚባሉት በሦስቱም የሯጮች ማረፊያ ላይ ሰው ቆሞ፣ ቤኬት ሦስተኛዋን ኳስ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሞ አሳለፋት። ቪልማ የእጅ ፎጣዋን ሬዲዮኑ ላይ ወረወረች። ማዶ ያለው ጎረቤት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሐይቁ ድረስ የሚሰማ ስድብ ተሳደበ። ስታዲየም የነበረ ሰው ይህን ሊረሳው አይችልም። ሃምሳ ዓመት ቢኖር አይረሳውም።

ሃርላን ግን ቀጥ ያለች ፊደል ጽፎ ነበር። ወዝውዞ ሳተ ብሎ።

እንዲህ የሚሳሳተው በማግስቱ ከጋዜጣ የገለበጠ ሰው ብቻ ነው። ጋዜጣ ቤኬት ወጣ ይላል፤ ቆሞ ይውጣ ወዝውዞ አይናገርም።

«አልነበረም» አለች ቪልማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ስታዲየም አልነበረም።»

ልጇ ሮዛን ጥፍሯን ቀለም እየቀባች ቀና አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በቀላሉ የምትደነግጥ ልጅ አይደለችም። «እማ፣ እርሳሱ አንሸራቶት ይሆናል።»

«ሃርላን እርሳስ አያንሸራትተውም።»

«ታዲያ ደውይለትና ጠይቂው።»

«ስልክ ፊት የለውም። ሲዋሸኝ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።»

«ይዋሸኛል ብለሽ ወስነሻል ማለት ነው?»

ቪልማ ካርዱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ያለፈው ሳምንት ካርድ ውስጥ የእሁድ መግቢያ ትኬት ነበረበት፤ ጀርባው ላይም እንዲህ የሚል ጽሑፍ፦ «ቪልማ፣ ስድስት ወር በፖስታ ተያየን። እሁድ የዘንድሮው የመጨረሻ ጨዋታ ነው። መጥተሽ አጠገቤ ከተቀመጥሽ፣ ላገባህ ፈቅጃለሁ ማለትሽ እንደሆነ እወስደዋለሁ። ካልመጣሽ ወንበሩ ባዶ ይዋል፤ ለምን ብዬም አልጠይቅሽም።» ሰባት ቀን አሰበችበት። ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። በሰባተኛው ቀን «እመጣለሁ» ብላ ጻፈች። በዚያው ቀን ይህ ካርድ መጣ።

እሷ እንደሆነች ቀጥቃጮቹ ስድስት ለባዶ ሲመሩ እንኳ የሚሸነፉበትን መንገድ አስቀድማ የምታይ ሴት ናት። ስልክ ሲጮህ ሰው ሞተ ትላለች፤ ሳይጮህ ሲቀር ሞተው ነው እንጂ ለምን አይደውሉም ትላለች። በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ መልካሙን ጠበቀች፤ እሱም ይኸው።

*

ሃርላን ብሪግስን ያወቀችው በመጥፎ ቀን ነበር። የብረታ ብረት ፋብሪካው ሊዘጋ ሲል፣ ዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው ላከ፤ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለአንድ ሺህ አንድ መቶ ሰዎች ሥራቸው እንደተቋረጠ እንዲነግር። የእያንዳንዱ ሰው ደብዳቤ ላይ የእሱ ፊርማ ነበረበት። የቪልማ ታላቅ ወንድም የኤሚል ደብዳቤ ላይም። ሃያ ስድስት ዓመት በምድጃ ፊት ለቆመ ሰው፣ አንድ ገጽ።

ስብሰባው ሲያልቅ ሰውየው ውኃ ፍለጋ ወጥ ቤት ገባ። ማንም አላናገረውም። ቪልማ ትሪ እያጠበች ሬዲዮ ትሰማ ነበር።

«ይቅርታ እመቤት፣ ስንት ለስንት ናቸው?» አላት።

«ለእርስዎ ወይስ ለእኛ?» አለችው።

ያኔ ሳቀ፤ ከዚያ ደግሞ እንባው መጣ፤ በትሪ ማድረቂያ ጨርቅ ፊቱን ጠረገ። ቪልማ የምሳ ዝርዝሩን ገልብጣ ምዝገባዋን አሳየችው። ሦስተኛው ዙር ላይ ሳትመዘግበው ያመለጣትን ነገረችው። በአራተኛው ቀን የመጀመሪያው ካርድ በፖስታ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ኤሚልም ያውቃል፤ ግን የሰውየው ስም እሱ ፊት አይነሳም።

አርብ ኤሚል የጣራዋን አሸንዳ ሊጠግን መጣ። መሰላሉ ላይ ሆኖ ቁልቁል ጠየቃት፦ «እሁድ ለምሳ ትመጫለሽ?»

«ስታዲየም እሄዳለሁ።»

መዶሻው ቆመ። «ከማን ጋር?»

«ከማን ጋር እንደሆነ ታውቃለህ።»

ኤሚል ከመሰላሉ ወረደ። ፊቱ ነጭ ሆኗል። «ነገረሽ ማለት ነው?»

«ምኑን ነው የሚነግረኝ?»

«ምንም» አለ ወንድሟ ሚስማሮቹን ወደ ኪሱ እየከተተ። «ምንም። አሸንዳው እስከ ክረምት ይይዝልሻል።» ሳይሰናበታት ሄደ።

ስለዚህ ኤሚልም የሚያውቀው ነገር አለ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሷ ብቻ ናት የማታውቀው። ቪልማ በዚያች ሌሊት ጣራውን እያየች አነጋች።

*

እሁድ ጠዋት አውቶቡሱ ላይ ሁለት ነገር አብሯት ነበር፤ ያ ካርድ፣ እና ብስጭት። ብስጭቱ ግማሹ የሃርላን፣ ግማሹ የቀጥቃጮቹ ነው። ነሐሴን በሙሉ አንደኛ ሆነው ቆይተው፣ መስከረም ሲገባ እግራቸው ተሳሰረ። ከሐይቁ ማዶ ያለው ቡድን፣ ሕዝቡ «ማዶዎቹ» የሚለው፣ በአንድ ጨዋታ በልጧቸዋል። ዛሬ ቀጥቃጮቹ ካሸነፉና ማዶዎቹ በሜዳቸው ከተሸነፉ እኩል ይሆናሉ፤ ነገ አንድ የመለያ ጨዋታ ይኖራል። አለበለዚያ የዘንድሮው ውድድር አብቅቶ ክረምት ነው።

ሃርላን በመግቢያው ቆሞ ይጠብቃት ነበር፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ። ስታየው ልቧ ያለ ፈቃዷ ዘለለ። ይህ አናደዳት።

«መጣሽ» አላት። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። «ቪልማ፣ መጣሽ።»

«መጣሁ፣ ሚስተር ብሪግስ። እርስዎ እንዴት ነዎት?»

ፈገግታው እንደቆመ ቀረ። ከግንቦት ወዲህ «እርስዎ» ብላው አታውቅም። ምን እንዳጠፋ ሊጠይቃት አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን ትኬቷን ይዛ አልፋው ገብታለች።

ወንበሮቹ በሦስተኛው ቤዝ በኩል ናቸው። ከኋላቸው ሚስስ ዱጋን የተባሉ አሮጊት ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚያ ወንበር ተነስተው አያውቁም ይባላል። ሃርላን «ይህቺ ቪልማ ናት» ብሎ ሲያስተዋውቃቸው አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አይተዋት፣ «የፖስታዋ? ጎሽ። ተቀመጪ ልጄ፣ ዛሬ አብረን እንቃጠላለን» አሏት።

ጨዋታው ተጀመረ። ተጋጣሚው የመጨረሻ ደረጃ ላይ ያለ፣ ለምንም የማይጫወት ቡድን ነው፤ የሚያስፈራውም ለዚህ ነው። በሁለተኛው ዙር ቀጥቃጮቹ ሁለት አገቡ። በአራተኛው ሁለት ጨመሩ፤ ተጋጣሚው ሁለት መለሰ። አራት ለሁለት። በትልቁ ሰሌዳ ላይ የማዶዎቹ ውጤት ሲቀየር ሰው ሁሉ አንገቱን ያዞራል፤ ማዶዎቹ እየተመሩ ነው። ስታዲየሙ አገሳ። ሃርላን ሊያቅፋት ክንዱን ዘረጋ፤ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ እንደተቀመጠች ሲያይ ክንዱን መልሶ ወሰደ።

ስድስተኛው ዙር ገባ። ከዚያ ዓይኗን ከሜዳው ሳታነሳ፣ «ሚስተር ብሪግስ፣ ማክሰኞ ማታ ቤኬት እንዴት ወጣ?» አለች።

«ቤኬት?» ሃርላን እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ። «ሦስት ስቶ።»

«ወዝውዞ?»

«አዎ፣ ወዝውዞ።»

«ዱላውን ከትከሻው አላነሳም።» ካርዱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠች። «ቆሞ ነው ያሳለፋት። ከተማው ሁሉ ያውቃል። የእኔ ድመት ታውቃለች። ማክሰኞ ማታ የት ነበሩ?»

ሃርላን ካርዱን አየ። ጣቱን ፊደሏ ላይ አሳረፈ። ፊቱ ቀስ በቀስ ሲቀላ ቪልማ ተመለከተችው፤ ውሸት ሲመጣ ለማየት ነበር የመጣችው፤ ያየችው ግን ሐፍረት ነው። ሐፍረት ደግሞ ይብሳል።

«ቆሞ ነው እንዴ?» አለ በቀስታ። «ጋዜጣው አይልም።»

«አይልም።»

«ልነግርሽ አልችልም፣ ቪልማ። ቃል ገብቻለሁ።»

«ለማን?»

ዝም አለ። ያች ዝምታ ከማንኛውም ሴት ስም የበለጠ አደቀቀቻት።

*

በሰባተኛው ዙር አጋማሽ በልማዱ መሠረት ሕዝቡ ሁሉ ተነስቶ ይንጠራራል፤ ይዘፍናል። ሠላሳ ሺህ ሰው ቆመ። እነሱ ሁለቱ ብቻ ተቀምጠው በሰው እግር መሃል ጉድጓድ ውስጥ የገቡ መሰሉ። ዘፈኑ ከላያቸው ያልፋል።

«ትሄጃለሽ?» አላት።

«እሄዳለሁ።»

«እንግዲያው ቃሌን አፈርሳለሁ።» ባርኔጣውን መሬት ላይ ጣለው። «ማክሰኞ ማታ የኤሚል በረንዳ ላይ ነበርኩ።»

ቪልማ ዞር ብላ አየችው።

«ካንቺ መልስ በፊት እሱን ማየት አለብኝ አልኩ። ደብዳቤውን የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ እህቱን ልውሰድ ስል ፊት ለፊት ቆሜ ልናገር ብዬ። አላስገባኝም። በረንዳው ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ቆምኩ።»

«ከእኔ ቤት ስንት እርምጃ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«መብራትሽ ይታየኝ ነበር። ሬዲዮሽ ይሰማኝ ነበር።»

«ታዲያ ቤኬትን እንዴት አልሰማህም?»

«ኤሚል እየጮኸብኝ ነበር።»

ለአንድ አፍታ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላት፣ ልትስቅ ነበር። ከዚያ የቀረውን ተናገረ። ኤሚል እንዲህ ብሎት ነበር፦ እዚህ መምጣትህን ከሰማች በእኔና በአንተ መሃል መምረጥ ይኖርባታል፤ ከወደድካት አታስመርጣት፤ ዝም በል። እሱም ልክ መሰለው። ዝም አለ። ካርዱ ባዶ ከሆነ እንደምትጠይቀው ስለገባው ከጋዜጣ ገለበጠ።

ቪልማ ካርዱን ከጭኑ ላይ አንስታ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። ዘፈኑ አለቀ፤ ሕዝቡ ተቀመጠ፤ ሰባተኛው ዙርም አለፈ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ስቀብርህ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አርብ ሌላ ሴት ነበረችህ። ቅዳሜ ካንሰር ያዘህ። ዛሬ አውቶቡስ ላይ ሁለቱም። አንተ ደግሞ ለካ የወንድሜ በረንዳ ላይ ቆመህ ኖሯል!»

«አጠፋሁ።»

«አላለቀም! ስለ አንድ ነገር ተስማምታችሁ የማታውቁ ሁለት ወንዶች፣ በሕይወታችሁ አንድ ጊዜ ተስማማችሁ፤ እሱም ቪልማ ደካማ ናት በሚለው ላይ። ቪልማ መምረጥ አትችልም። ቪልማ ትሰበራለች። ባሌን ቀብሬ በሦስተኛው ቀን ለአራት መቶ ልጅ ምሳ ያቀረብኩ ሴት ነኝ! ማን ጠየቃችሁ? እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«ልጄ» አሉ ሚስስ ዱጋን ከኋላ፣ ትከሻዋን በጣታቸው እየነኩ፣ «እውነትሽን ነው፤ ሰውየው ጅል ነው። ግን ሁለት ሰው ቤዝ ላይ አለ። ትንሽ ቆይተሽ ግደይው።»

ቪልማ ቦርሳዋን አንስታ ቆማ ነበር። ሜዳውን አየች። ስምንተኛው ዙር ገብቷል፤ አራት ለሁለት እየመሩ፣ ተጋጣሚው ሁለት ሰው ቤዝ ላይ አውጥቷል። ከሰውየው ተነስታ መሄድ ትችል ነበር። ከጨዋታው ግን አትችልም፤ የመጨረሻው ሰው ሳይወጣ ከስታዲየም የሚወጡት መኪና እንዳይጨናነቅባቸው የሚፈሩ ናቸው፤ እሷ ደግሞ እንደነዚያ ሆና አታውቅም። ተቀመጠች።

«ይህ ማለት ይቅር ብዬሃለሁ ማለት አይደለም» አለችው።

«ገብቶኛል።»

አሰልጣኙ ብቅ አለ። ወርዋሪውን ሊቀይር ነው። ከጎን በር ሲሮጥ የመጣው ራንስ ነበር፤ በመስከረም ብቻ አምስት ጨዋታ ያበላሸው ራንስ። ሠላሳ ሺህ ሰው በአንድ ላይ ቃተተ።

«አይሆንም!» አለች ቪልማ ተነስታ። «እሱን አይደለም! ሌላ ሰው የለህም? ያንን ባልዲ ተሸካሚ አስገባው!»

«አንተ የእንጨት ራስ!» አሉ ሚስስ ዱጋን።

«ማክሰኞም እሱ ነው ያፈሰሰው» አለ ሃርላን።

«አንተ ማክሰኞን አታንሳ!»

የመጀመሪያዋን ኳስ ራንስ ወረወረ። ዱላው ሲመታት የወጣው ድምፅ ቪልማ ከሬዲዮ የምታውቀው ድምፅ ነው፤ መልካም ነገር ተከትሎት አያውቅም። ኳሷ ከግራው አጥር በላይ አለፈች። ሦስት ሰው ገባ። አምስት ለአራት። ሰሌዳው ላይ ደግሞ በዚያችው ደቂቃ የማዶዎቹ ቁጥር ተለጠፈ፤ ተሸንፈዋል። በሩ ተከፍቶላቸው ነበር፤ ቀጥቃጮቹ ራሳቸው መልሰው ዘጉት።

ሰው መውጣት ጀመረ። በረድፍ በረድፍ እየተነሱ፣ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው።

«ተቀመጡ!» ጮኸች ቪልማ ወደሚወጡት። «ዘጠነኛው ዙር አልቀረም እንዴ? ሚያዝያ ላይ በዝናብ ስትመጡ አልነበረም? ተቀመጡ እንጂ!»

አንድ ወፍራም ሰው ዞር ብሎ፣ «እመቤት፣ አለቀ እኮ» አላት።

«ሳያልቅ አላለቀም አንተ! ሂድ፣ መኪናህ ትናፍቅሃለች!»

በዘጠነኛው ዙር ከቀጥቃጮቹ ሁለት መቺ ከጨዋታ ወጣ፤ አንድ ሰው ሁለተኛው ቤዝ ላይ ደረሰ። የመጨረሻው መቺ ኳሷን ወደ መሃል ሜዳ ጥልቅ አድርጎ መታት። ቪልማ የሃርላንን እጅ ያዘች፤ እንደያዘችው አላወቀችም። ኳሷ ወጣች፣ ወጣች፣ ከዚያ መውረድ ጀመረች፤ የተጋጣሚው ተጫዋች ጀርባውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ዘለለና ጓንቱ ውስጥ አስቀራት።

አለቀ። ለጥቂት ጊዜ የሚሰማው የባንዲራው ገመድ ምሰሶውን ሲመታ ብቻ ነበር።

ሃርላን እርሳሱን አቀበላት። «የመጨረሻውን አንቺ ጻፊው። እኔ አልታመንም።»

ቪልማ እርሳሱን እስኪሰበር ተጭና ጻፈች። አለቀሰች፤ ለራንስ ይሁን፣ ለኤሚል ይሁን፣ ለሦስቱ ቀን ይሁን አላወቀችም። ሚስስ ዱጋን ብርድ ልብሳቸውን እያጠፉ አንድ መሐረብ ትከሻዋ ላይ ጥለውላት ወረዱ።

«ቪልማ» አለ ሃርላን። «ወንበሩን በተመለከተ... የጻፍኩልሽን እንዳልጻፍኩት ቁጠሪው። አላስገድድሽም።»

እንባዋን ጠርጋ አየችው። «ደግሞ ልትወስንልኝ ነው?»

«አይ፣ እኔ...»

«ዘጠኝ ዙር ሙሉ የተቀመጥኩት የት ነው? መሬት ላይ ነው?»

ሃርላን ባርኔጣውን ከመሬት አንስቶ አቧራውን አራገፈ። ይቅር ያለችው ገና ግማሹን ነበር፤ የወደደችው ግን ሙሉውን ነው፤ ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ መያዝ እንደምትችል በዚያች ሰዓት አወቀች።

*

ከተማዋ ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። እሁድ ማታ ነው፤ ሰው ሁሉ በየበረንዳው፣ ሬዲዮው ጠፍቶ፣ ፊቱ ጠቁሮ ተቀምጧል። የሃርላንን ግራጫ መኪና ደግሞ ከአንድ ሺህ አንድ መቶ ደብዳቤ ጀምሮ የማያውቃት የለም።

«በኋላ በኩል ላስገባሽ?» አላት።

«በዋናው መንገድ ንዳ። መስኮቱን አውርደው።»

አወረደው።

«ቀስ ብለህ።»

«ቀስ እያልኩ ነው።»

«ከዚህም ቀስ በል።»

በየበረንዳው ንግግር ይቆም ነበር። ቪልማ ለእያንዳንዱ በስሙ እየጠራች «እንደምን አመሸህ»፣ «እንደምን አመሸሽ» አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። አንዳንዱ መለሰላት። አንዳንዱ ወደ ቤቱ ገባ።

ኤሚል የእሷ በረንዳ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከመኪናው ሲወርዱ ተነሳ።

«ምላስህን መያዝ አልቻልክም ማለት ነው» አለው ሃርላንን።

«ምላሱን አይደለም፤ እርሳሱን ነው» አለች ቪልማ። «ኤሚል፣ እዚህ እይ። እኔን እይ።»

«አላየውም ይህን ሰው። ሃያ ስድስት ዓመት...»

«አውቃለሁ። ደብዳቤውን ያነበብኩልህ እኔ ነኝ፤ መነጽርህን አላገኝም ብለህ ሰጥተኸኝ። መነጽርህ ኪስህ ውስጥ ነበር። ስላነበብኩት ሕመሙን አውቀዋለሁ። ጥላው አልልህም፤ እስከ ሕይወትህ መጨረሻ ጥላው። ግን በእኔ ስም አትመልስ! አሥራ አንድ ዓመት አሸንዳዬን ጠገንክ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልቤን እንድትጠግን አልጠራሁህም።»

«ምረጪ እንግዲያው» አለ ኤሚል። «እሱ ወይም እኔ።»

«አልመርጥም።»

«ምን ማለት ነው አልመርጥም?»

«አልመርጥም ማለት ነው! እራት አቀርባለሁ። አራት ሳህን አወጣለሁ። በሩ ክፍት ነው፤ የሚገባ ይግባ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እቆልፋለሁ፤ እንደ ሁልጊዜው።»

ኤሚል ሃርላንን አየው፣ እህቱን አየ፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሮዛን ጠረጴዛውን አዘጋጅታ ነበር። ሃርላን ሲገባ፣ «ቆሞ ነው እኮ የወጣው» አለችው እጁን እየጨበጠች፤ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ሳቀ። ድንችና የተጠበሰ ጎመን ከቋሊማ ጋር በሉ። አራተኛው ሳህን ባዶውን ተቀመጠ። ቪልማ አልነካችውም፤ ማንም እንዲያነሳው አልፈቀደችም።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው በረንዳው ላይ የእግር ድምፅ ተሰማ። ኤሚል በሩ ላይ ቆመ፤ ደፉን አላለፈም። ማንንም ሳያይ፣ ወለሉን እያየ ተናገረ።

«ራንስን በስምንተኛው ዙር የሚያስገባ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ሮዛን ሹካዋን አስቀመጠች።

«እኔ አላስገባውም ነበር» አለ ሃርላን።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለ ኤሚል። ግን አልሄደም። «በግራ እጁ የሚወረውረው ልጅ ምን ሆነና?»

«ትከሻው አብጧል ይላሉ።»

«ያበጠው ይሻል ነበር።» ኤሚል ባርኔጣውን አስተካከለ። «ይቅር አላልኩህም።»

«አውቃለሁ።»

«እወቀው።» ወደ ቪልማ ዞረ። «ነገ ከሰዓት በኋላ ያንን የወጥ ቤት መስኮት አየዋለሁ። ለመስኮቱ ነው የምመጣው።»

«ለመስኮቱ ና» አለች ቪልማ።

ኤሚል መንገዱን እስኪሻገር ድረስ በሩን ይዛ ቆመች። የሃርላን መኪና በመንገዱ መብራት ሥር ቆማለች፤ ሌሊቱን እዚያው ታድራለች፤ እሱም ሳሎን ሶፋው ላይ። ነገ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ሳይከፈት መንገዱ ሁሉ ያወራዋል። የትምህርት ቤቱ ሴቶች በወጥ ቤቱ ዝም ይሏታል። ኤሚል መስኮቱን ጠግኖ ሻይ ሳይጠጣ ሊሄድ ይችላል፤ ምናልባትም ጭራሽ ላይመጣ። ሃርላን ሊታመም ይችላል፤ ሁሉም ሰው ሊታመም ይችላል። ቀጥቃጮቹ በሚያዝያ ተነስተው በመስከረም እንደገና ልቧን ይሰብሩታል፤ ይህ ያለ ጥርጥር ነው።

አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፤ አንዱንም አልዘለለችም። ይምጡ፣ አለች በልቧ። ሁላችሁም ኑ። እኔ ከዚህ አልነቃነቅም።

ከዚያ በሩን ገፋ አደረገችና ቁልፉን አዞረችው።